አባባ፣ መንገዱን ልንገርዎት

ሲያትል፣ ጳጉሜን 2 ቀን

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ በዘንድሮው ክረምት ባሰበት ወይስ ሻል አለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቤት ገብተናል፣ ሥራም ተጀምሯል።

በስልክ "ደህና ደረስን" ብዬ ብቻ ነው የዘጋሁት። እርስዎም "ገንዘብሽን አትጨርሺ" እያሉ ያጣድፉኛል። ስለዚህ ጽፌ ለእህቴ ልኬላታለሁ። ማታ ቡና ሲፈላ ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

መጀመሪያ ጥያቄዎን ልመልስ። "ሰው ካለበት አገር ተነሥታችሁ ለምን ወደማታውቁት ትሄዳላችሁ?" ብለውኝ ነበር። እውነትዎን ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የአገር ሰው ሞልቷል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ውስጥ እንጀራው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሠርጉም ለቅሶውም አለ። ግን አማችዎ የአውሮፕላን ሰው ነው። ከሲያትል በስተሰሜን ኤቨረት በምትባል ከተማ ቦይንግ 777 አውሮፕላንን የሚገጣጥምበት ትልቅ ፋብሪካ አለ። የእኛም አየር መንገድ የሚያበረው ዓይነት ነው። ልጁ እዚያ ለመግባት ስንት ዓመት ሲመኝ ኖሯል። ሥራውን ሲያገኝ "ይቅርብህ" የምልበት አፍ አልነበረኝም። እሱ ሲያትል፣ እኔ ዋሽንግተን መኖር ደግሞ አልፈለግንም። ጥር ላይ ስትድሩን "አትለያዩ" ብላችሁ መርቃችሁን የለ?

ሰኔና ሐምሌ በሩጫ አለፉ። ዳላስ ሠርግ ነበረብን፣ ሄደን ተመለስን። የቤት ኪራይ ውላችን አለቀ። ዕቃ ጫኞች የጠየቁን ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ በለጠ። አልጋውንና ሶፋውን ሸጥን። የቀረውን ትንሽ ተሳቢ ላይ ጭነን ከመኪናችን ኋላ ቀጠልነውና በሐምሌ መጨረሻ ተነሣን። አዎ አባባ፣ ልጅዎ ተሳቢ ነዳች!

ከነበርንበት ከአሌክሳንድሪያ ሲያትል 4,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ አሰብ አምስት ጊዜ እንደ መውረድ ማለት ነው። መንገዱ ግን እንደዚያኛው አይደለም። ድንጋይ የለው፣ አቧራ የለው። ቁጥሩን ቢያዩት ይወዱት ነበር። ተጋማሽ ቁጥር ያለው ዋና መንገድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፣ ጎዶሎው ከደቡብ ወደ ሰሜን። ይህን ካወቁ ካርታ ባይኖርዎትም ወዴት እንደሚሄዱ አይጠፋዎትም። እኛ አብዛኛውን የሄድነው በ90 ቁጥር ነው። ከቦስተን ተነሥቶ ሲያትል የሚያልቅ፣ ከአገሩ አውራ ጎዳናዎች ሁሉ ረጅሙ ነው።

ቺካጎን በመስኮት አየናት። ሚኒያፖሊስ የአማችዎ አክስት ዘንድ አደርን። እዚያ የእኛ ሰው በጣም ብዙ ነው። አክስቱ ፍልሰታ ሊገባ መሆኑን አስበው ድርቆሽና በሶ ቋጠሩልን። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ያ ስንቅ ባይኖር ምን እንበላ ነበር? ከዚያ በኋላ ያለው አገር ሁሉ ሥጋና አይብ ነው።

ሳውዝ ዳኮታ የሚባለው አገር ሜዳ ነው። ሰማይና ሣር ብቻ። በሰዓት 128 ኪሎ ሜትር መንዳት ይፈቀዳል፤ እኛ ግን ተሳቢ ስለያዝን አልደፈርንም። ነዳጅ ልንቀዳ ስንቆም አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አየን፤ መስታወቱ ላይ ባንዲራችን ተንጠልጥሏል። ሾፌሩ ወረደና "ሐበሻ ናችሁ?" አለን። በዚህ አገር የእኛ ልጆች የከባድ መኪና ሥራ ውስጥ በብዛት ገብተዋል። ጋቢናው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለችው። ሽሮ ሠርቶ አበላን። ሕጉን ነገረን፦ በአንድ ፈረቃ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት ክልክል ነው። ከዚያ በኋላ የግድ አሥር ሰዓት ማረፍ አለበት። የሚነዳበትን ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያ መኪናው ላይ ተገጥሟል፣ ማታለል የለም። ወዲያው እርስዎን አሰብኩ። በጅቡቲ መንገድ መኪና ሲነዱ የእርስዎን ሰዓት ማን መዘገበልዎት? ዲቾቶ ላይ ሙቀቱን ሽሽት ሌሊት ነድተው፣ ቀን መኪና ሥር የተኙትን ማን ቆጠረልዎት?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዋዮሚንግ ውስጥ ቢግ ሆርን የሚባል ተራራ አለ። መንገዱ ከ2,900 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ከደሴም ይበልጣል። ዳገቱ ላይ የሙቀቱ መርፌ መውጣት ጀመረ። አማችዎ ዳር ይዞ ቆመና ኮፈኑን ከፈተ። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ሊይዝ ሲል ጮህኩበት። እርስዎ ለረዳትዎ እንደሚጮሁት። ሞተሩ እስኪበርድ ተቀመጥን። ጥላው ደስ ይላል፣ ነሐሴ ሆኖ እንኳ ጥጋጥጉ ላይ በረዶ አለ። ሲበርድ ውሃ ጨመርንና ወጣን።

ቁልቁለቱ ግን ባሰ። ቴን ስሊፕ የሚባል ገደላማ ሸለቆ ነው። ተሳቢው ከኋላ ይገፋል። አማችዎ ፍሬን ላይ እግሩን ጫን አድርጎ ሲወርድ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ። "አቁምልኝ" አልኩት። መሪውን እኔ ያዝኩ። መኪናው አውቶማቲክ ቢሆንም ማርሹን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በዝቅተኛው ማርሽ፣ ቀስ ብዬ፣ ሞተሩ እንዲይዘው እያደረግኩ ወረድኩ። ያስታውሳሉ? በአይሱዙዋ ሐረጎን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲያስወርዱኝ "በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ፣ ፍሬን ለመቆሚያ እንጂ ለመውረጃ አይደለም" ይሉኝ ነበር። እማዬ "ሴት ልጅ ምን ያደርግላታል" ስትል እርስዎ "ይጠቅማታል" ብለው አለፏት። ጠቀመኝ አባባ። ሁለታችንንም ጠቀመን።

ታች ስንደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማደሪያ ገብተን አማችዎ ሊያጫውተኝ ሞከረ። መናገር አቃተኝ። ጥላቻ አይደለም፣ ኩርፊያ አይደለም፤ ጆሮዬ ውስጥ ገና ሞተሩ ይጮሃል። ልጅ ሆነን ከጅቡቲ ሲመለሱ እማዬ "ዝም በሉ፣ አባታችሁ ተኝቷል" ትለን ነበር። ነቅተውም ብዙ አያወሩም ነበር። ተምሩን ከፌስታሉ ያወጡልናል፣ ራሳችንን ይዳብሱናል፣ ከዚያ ግድግዳውን ያያሉ። ያኔ ከእኛ ጋር መሆን የማይወዱ ይመስለኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁን ገባኝ። ያን ሁሉ መንገድ የሄዱት እኛ እንድንማር ነው። ቤት ሲደርሱ ደግሞ የቀረዎት ጉልበት ራስ መዳበስ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለእኛ ሰጡን። ስላደረጉልን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በስልክ ማለት የፈለግኩት ይሄንን ነበር።

ከዚያ የሎውስቶን ገባን። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1872 የተከለለ ፓርክ ነው። ምድሩ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ከየጉድጓዱ ይወጣል፣ ድኝ ድኝ ይሸታል። ስለ አፋር በረሃ የነገሩንን በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ። አንዱ ፍል ውሃ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ገደማ ወደ ሰማይ ይረጫል፤ ሕዝቡ ዙሪያውን ተቀምጦ ይጠብቃል። ጎሽ መሳይ ትልልቅ እንስሳትም አስፋልቱ ላይ ተኝተው አላስኬድ አሉን።

ሞንታና ላይ የሰደድ እሳት ጭስ ነበር፣ ፀሐይዋ ቀልታ ነው የሄድነው። በአይዳሆ ጫፍ በኩል አለፍን። በደቡቡ በኩል ጤፍ እንደሚዘሩ ያውቃሉ? ስናስጋግረው የኖርነው የአሜሪካ ጤፍ ብዙው ከዚያ የሚመጣ ነው።

ሲያትል ስንገባ የተከራየነው ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ይኖራል። ቀብድ የተቀበለን ሰው ቤቱ የእሱ አልነበረም። ስልኩንም ዘጋ። በጣም አዘንኩ፣ አለቀስኩም። ለፖሊስ አመልክተናል፣ ገንዘቡ ግን የሚመለስ አይመስለኝም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የእኛው አገር፣ የሐይቅ ከተማ ሴት አገኘችን። ነገሩን ስትሰማ ምድር ቤቷን አከራየችን፣ "እስክትቋቋሙ ግማሹን ክፈሉ" ብላ። የቡሄ ዕለት ልጆች በራችን ላይ "ሆያ ሆዬ" ብለው ጨፈሩ። ከደጃችን ሰማዩ ሲጠራ ሬይኒየር የሚባል በረዶ የለበሰ ተራራ ይታያል። ሰው አለ፣ አይስጉ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አሁን በእኛና በእናንተ መካከል አሥር ሰዓት ልዩነት ሆኗል። እኔ ከምሽቱ 2 ሰዓት ስደውል እርስዎ ዘንድ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ከኪዳን ሲመለሱ እደውላለሁ።

እህቴ የነገረችኝንም ሰምቻለሁ። "ማታ የመኪና መብራት ይበተንብኛል" ብለው ሐኪም ቤት አልሄድም አሉ። የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል አባባ። ሞራ ከሆነ ቀዶ ጥገናው አጭር ነው፣ አያድሩበትም ይሆናል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሐኪም አለ፣ ከቤትዎ ቅርብ ነው። ከመስቀል በኋላ ባለው ሰኞ እህቴ ትወስድዎታለች፣ ተነጋግረን ጨርሰናል። ለመኪናና ለመድኃኒት የሚሆነውን ልኬያለሁ። እባክዎ እምቢ አይበሏት።

እማዬን ሳሙልኝ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም በሉልኝ። እንኳን ለዘመን መለወጫ በሰላም አደረሰዎት።

የምትወድዎት ልጅዎ