«በጥንቃቄ ጉድለት» የማን ጥንቃቄ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ለናንተ ይሁን። ሚያዝያ 20 በስራ ላይ የሞቱና የተጎዱ ሰራተኞች የሚታሰቡበት ቀን ነው፣ የዓለም የስራ ድርጅትም (አይኤልኦ) ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስራ ደህንነትና ጤና ቀን ብሎ ያስበዋል። እኔን ያስጻፈኝ ግን የዜና አጻጻፋችሁ ነው። ሰው ከፎቅ ወድቆ ሲሞት፣ አፈር ሲናድበት፣ ማሽን እጁን ሲቆርጠው ምንም ሳይጣራ «በጥንቃቄ ጉድለት» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ሟች እንደሆነ መልስ አይሰጥ።

እስቲ የፍሳሽ ጉድጓዱን ነገር እንየው። አንዱ ሊያጸዳ ይገባና ይወድቃል፣ ጓደኛው ሊያወጣው ዘሎ ይገባል እሱም እዛው ይቀራል፣ አንዳንዴ ሶስተኛም ይጨመራል። ውስጥ ያለው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል፣ ትንሽ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና ጭራሽ አይሸትም፣ ስለዚህ ሰውየው «ሽታው ጠፋ» ብሎ ቢገባ ምን ይፈረድበታል? ጋዝ መለኪያ፣ አየር ማስገቢያ፣ ከላይ ገመድ የሚይዝ ሰው፣ ይሄን ሁሉ ማሟላት የነበረበት አሰሪው ነው። በቀን ስራ የገባ ልጅ ጋዝ መለኪያ ከየት ያመጣል!

ባንግላዲሽ ውስጥ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበትን ራና ፕላዛ የተባለ ህንጻ አስታውሱ። 2013 እ.ኤ.አ. ላይ ህንጻው መሰንጠቁ ከመደርመሱ አንድ ቀን በፊት ታይቷል፣ እዛው ህንጻ ላይ የነበረው ባንክ ሰራተኞቹን ሲያስወጣ የልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ፣ ከ1,100 ሰው በላይ አለቀ። ያስገባቸው ሰው ነው እንጂ ጥንቃቄ የጎደለው እነሱ ምን አጠፉ?

ደሞ ዜና እንኳን የማይሆኑ አሉ። አይኤልኦ እንደሚለው በዓመት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከስራ ጋር በተያያዘ ይሞታል፣ አብዛኛው በአደጋ ሳይሆን በበሽታ ነው። ድንጋይ ሲፈጭ ኖሮ አቧራው ሳንባውን የጨረሰው ሰው ከዓመታት በኋላ አልጋው ላይ ሲሞት ማን ከስራው ጋር ያያይዘዋል።

የምለምናችሁ ይሄን ነው። ቀጣዩን ዜና ስትሰሩ ሴፍቲ ቤልት ተሰጥቶት ነበር ወይ፣ ቢሰጠውስ የሚያስርበት ቦታ ነበረ ወይ፣ ቶሎ ጨርሱ ብሎ ያጣደፈው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። ከወር በኋላም ተመለሱና ቤተሰቡ ካሳ አገኘ ወይ፣ እጁን ያጣው ልጅ ስራ ላይ ነው ወይስ ተባረረ የሚለውን ጻፉልን።

አንባቢያችሁ