ዶማው ሳይነሣ

ሰከላ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፤ የእናትሽም ወገብ ተሽሎታል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የባሕር ዳሩ የግል ክሊኒክ ደመወዝ ይሻላል፤ የገጠሩ ጤና ጣቢያ ደግሞ ልብሽን ይስበዋል። እግዚአብሔር እንዲመርጥልሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ መጽሐፍ ቅዱስ ብትገልጪ ጣትሽ ያረፈበት ቃል ጭራሽ ግራ እንዳጋባሽ ጽፈሻል። ሳቅሁም፣ አዘንሁም። የሳቅሁት እኔም በወጣትነቴ አድርጌው ዘኍልቍ ላይ የነገዶች ቆጠራ ስለወጣልኝ ነው። ያዘንሁት ግን መጽሐፍ ገላጭ ቤት የሚመላለሰውን ሰው ስንነቅፍ እየሰማሽ ስላደግሽ ነው። አሁን ገላጩ አንቺ ሆንሽ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም። ቃሉን አንብቢው፤ ዕጣ አታውጪበት።

በግሽ ዓባይ ጠበል ያደግሽ ልጅ ነሽና ተአምር ብትጠብቂ አልፈርድብሽም። አቡነ ዘርዐ ብሩክ ወደ እስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ እንደተቀበሉ ይነገራል። እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ልብ በዪ፤ ጻድቁ አደራውን ከሰጡ በኋላ ወረቀቱ ረጠበ አልረጠበ እያሉ በየቀኑ አልጎበኙትም።

ከምንጩ በላይ የነበረውን ባሕር ዛፍ ታስታውሻለሽ? ሰዉ ሁሉ የጤፍ ማሳውን ባሕር ዛፍ ሲያለብስ እኔም ተነሣሁ። ማለዳ ዶማዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስወጣ እናትሽ «ጸለይህበት?» አለችኝ። ከደጁ ላይ ቆም ብዬ አማተብሁና «ጌታ ሆይ፣ ባርክልኝ» አልሁ። ችግኙ ከዋዜማው ተገዝቶ ከአጥሩ ሥር ተደርድሮ ነበር። ያ ጸሎት አልነበረም፤ ባለቀ ውል ላይ ማኅተም ማስመታት ነበር። በአምስተኛው ዓመት ምንጩ በበጋ እየቀጠነ መጣ፤ እናትሽ አንድ እንስራ ለመሙላት ጀንበር እስክትወጣ ትቀመጥ ጀመር። ከዛፉ ሥር ያለው የጎረቤታችን ጤፍም ገረጣ። እኔ ግን የዛፉን ዋጋ እያሰላሁ ዝም አልሁ። የመለሰኝ ሕልም አይደለም፤ የንስሐ አባታችን ቡና ሊጠጡ መጥተው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ልጄ፣ ውሃው የማን ነው?» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። ጉቶውን ነቅዬ ለመጨረስ ሁለት በጋ ፈጀብኝ። መዳፌ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው፤ የእርሻ ነው ብዬ ዋሽቼሽ ነበር።

እባክሽ ዘፍጥረት 24ን አንብቢ። የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ በሄደ ጊዜ ጸልዮአል፤ የጸለየው ግን ሴቶች ውሃ ሊቀዱ በሚወጡበት ሰዓት፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ ነው። የለመነውም የሰማይ ምልክት አይደለም። መንገደኛውን አጠጥታ፣ ሳይጠይቃት «ለግመሎችህም ልቅዳ» የምትል ልጅ ናት። አሥር ግመል! እንስራ ተሸክመሽ ስለምታውቂ ስንት ምልልስ እንደሚሆን ገምቺ። ምልክቱ የልጅቱ ጠባይ ነበር። ርብቃ እየሮጠች ስትቀዳም ሰውዬው ዝም ብሎ ትክ ብሎ ይመለከታት ነበር ይላል።

አንቺም እንዲሁ ተመልከቺ። ሁለቱም ዘንድ አንዳንድ ቀን ዋዪ። መክፈል ያልቻለ በሽተኛ ሲመጣ ምን እንደሚሉት ስሚ። እሑድ ቅዳሴ የምትደርሺበት ጊዜ ይሰጡሽ እንደሆነ ጠይቂ፤ የንስሐ አባትሽንም አማክሪ። ደመወዙንም አትናቂው፤ የወንድምሽ ትምህርት ገና ነው፣ ገንዘብ ማሰብም እምነት ማጣት አይደለም። አንዱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ምክርም ባላስፈለገሽ። ሁለቱም በጎ ከሆኑ ግን «ብሳሳት እግዚአብሔር ይተወኛል» ብለሽ እንቅልፍ አትጪ። «በመንገድህ ሁሉ እርሱን እወቅ» ነው የሚለው ምሳሌ 3፥6፤ ሁሉ ሲል ሌሊት ተረኛ ሆነሽ ለምታስታምሚው ሰው የምትመልሺውም መልስ አለበት።

ብቻ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ጸልዪ።

መንገዱ ሲከፈትና መኪና ሲገኝ ሽሮና በርበሬ እልክልሻለሁ። እናትሽ ያለፈውን ጆንያ መልሺ ብላለች።

አባትሽ