ፎልደሩ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ አላረጀም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ? የምጽፍላችሁ ከደሴ ፒያሳ ነው። ፎቶ ቤት ነው የምሠራው።

ባለፈው ጥር አንዲት እናት መጡ። ልጃቸውን ሲድሩ ያነሳናቸው ባለቤታቸው አርፈዋል፤ ፎቷቸውን አሳጥበው ሳሎን ሊሰቅሉት ነው። የሠርግ ፎቶዎቻችን በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ነበሩ፣ ከ40,000 በላይ። ከፈትኩት። ሰማያዊዋ ክብ መሽከርከር ጀመረች፤ እሳቸው ቆመው ይጠብቃሉ፣ እኔ ማውዙን አንቀሳቅሳለሁ፣ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ በዚያ ላይ መብራት ጠፋ። «አብሽር ልጄ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብለውኝ ወጡ። በጣም አፈርኩ።

አንዱ ኮምፒውተሩ አርጅቷል አለ። ሌላው ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ አለ። ግን ያው ኮምፒውተር ሌላውን ፎልደር ወዲያው ይከፍታል!

ብዙ ፋይል መያዝ ለኮምፒውተር ችግር አይደለም። ዊንዶውስ ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጅበት ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ሥርዓት በአንድ ዲስክ ከ4 ቢሊዮን በላይ ፋይል ይችላል። ጊዜውን የሚበላው ፎልደሩን ከፍቶ የሚያሳየን ፕሮግራም ነው። ለፎቶዎቹ ትንንሽ ምስል ይሠራል፣ አንቲቫይረሱ የተነካውን ሁሉ ይፈትሻል፣ በተነሱበት ቀን ደርድርልኝ ካልነው ደግሞ እያንዳንዱን ከፍቶ ማንበብ ግድ ይሆንበታል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ለመድረስ 10 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ መቶኛ) ገደማ ይፈጅበታል። በ40,000 አባዙት። 400 ሰከንድ! ሰባት ደቂቃ ሊሞላ ነው፣ ያውም ምልልሱ ብቻ። ኤስኤስዲ የሚባለው፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ ይፈጥናል፣ ግን ሁሉም ሰው የሚገዛው አይደለም።

እኛ በዓመት፣ በወርና በሙሽሮቹ ስም ከፋፈልነው። ወሮቹን በቁጥር ጀምሯቸው፣ «05 ጥር» እያላችሁ፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ስለሚደረድር ሐምሌን ከመስከረም ያስቀድመዋል። መከፋፈል ለጊዜው ካልቻላችሁ ፎልደሩ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከስተማይዝ ግቡና «ፒክቸርስ» የሚለውን «ጄኔራል አይተምስ» አድርጉት። ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ፍላሽ ላይ የምታስቀምጡም ተጠንቀቁ። በፋት32፣ ማለትም በሌላ የቆየ የፋይል ማደራጃ ሥርዓት፣ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ በአንድ ፎልደር ቢበዛ 65,534 ስም ነው የሚይዘው። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ደግሞ ቢያንስ የሁለት ስም ቦታ ይወስዳል፤ ስለዚህ ገና ግማሹ ላይ፣ ፍላሹ ባዶ ቦታ እያለው፣ አልቀበልም ይላል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሌሊት ሙሉ ስገለብጥ አድሬ ጠዋት ግማሹን አጣሁት።

እናትየዋ በሳምንታቸው መጡ። ፎቶውን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አገኘሁላቸው። ባለቤታቸው ነጭ ጋቢ ለብሰው ሙሽራዋን ሲስሙ ነው። ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩ።

ይህን የጻፍኩት ግን ለፎቶ ቤቶች ብቻ ብዬ አይደለም። በቅርቡ ለጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ ስካን የተደረገው መዝገብ ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ታጭቆ አየሁ። ከገጠር በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ ወረፋ ይዘው ያቺ ክብ ስትዞር ይጠብቃሉ። ሠራተኛዋም ጨንቋታል፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ ማንም አላሳያትም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ መዝገብ ስካን የምታስደርጉ ኃላፊዎች፣ እባካችሁ ሥራው ሲጀመር አንድ ቀን ወስዳችሁ አከፋፈሉን ወስኑ። ዝግጅት ክፍሉም በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ አንድ ገጽ ብትሰጡት ደስ ይለኛል።

የፎቶ ቤት ሠራተኛ፣ ከደሴ