ቁልቁለትን በዜሮ ማርሽ መውረድ ነዳጅ አይቆጥብም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ ውስጥ የሰማሁት ምክር ነው። ለበዓል ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስ ሊሄድ የተዘጋጀ አንድ ወጣት ነዳጅ እንዴት መቆጠብ እንደሚችል ሲጠይቅ፣ በሹፍርና ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ አባት «ጎሐ ጽዮንን እንዳለፍክ ዜሮ አድርገህ ልቀቀው፤ እስከ ድልድዩ ጠብታ አይወስድብህም» አሉት። ምክሩ በቅን ልቦና የተሰጠ ቢሆንም ስህተት ነው፤ ለሕይወትም ያሰጋል።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በካርቡራቶር ዘመን መኪናው በማርሽ ቁልቁል ሲወርድም ሞተሩ ቤንዚን መሳቡን ስለማያቋርጥ፣ ዜሮ ማድረግ ጥቂት ያተርፍ ነበር። ዛሬ በከተማችን የሚበዙት መኪኖች ግን ነዳጁን በኮምፒውተር እየለኩ በኢንጄክተር የሚረጩ ናቸው። አሽከርካሪው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥቶ በማርሽ ሲወርድ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ስለሆኑ፣ ኮምፒውተሩ የነዳጁን ርጭት ይዘጋዋል። ማርሹ ዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ ከጎማዎቹ ይለያል፤ እንዳይጠፋም ያለማቋረጥ ነዳጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ጠብታ የማይወስደው በማርሽ የወረደው መኪና ነው።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልቱ ወደ ዓባይ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። በዚያ ቁልቁለት ቤተሰብና ጓዝ የጫነን መኪና ፍሬን ብቻውን እንዲይዘው ከተተወ፣ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፣ ፔዳሉም ሲረገጥ ባዶ ይሆናል። ሞተሩን እስከማጥፋት የሚደርሱም አሉ፤ ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ከጥቂት ርግጫ በኋላ እገዛውን ያጣል። በከባድ ማርሽ፣ ማለትም ቁጥሩ ዝቅ ባለው፣ ቀስ ብሎ መውረድ ነዳጁንም ፍሬኑንም ያተርፋል።

እውነተኛው ቁጠባ ያለው ፍጥነት ላይ ነው። መኪናን ወደ ኋላ የሚገፋው የአየር ኃይል የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሳይሆን በፍጥነቱ ሁለተኛ ርቢ ነው፤ ከ90 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ስንጨምር ኃይሉ በ78 በመቶ ገደማ ያድጋል። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ በዚህ ሁሉ የምናተርፈው 13 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህን ያህል ደቂቃ እኮ ሜክሲኮ አደባባይን ለማለፍ ብቻ የምናጠፋባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ ጎህ ሳይቀድ ከከተማ የወጣ ሰው ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ያተርፋል።

በፖርቶመጋላ ላይ የሚጫን ሻንጣም ያንኑ የአየር ግፊት ይጨምራል፤ በተቻለ መጠን ዕቃው ውስጥ ይግባ፣ ባዶ ከሆነም ፖርቶመጋላው ይውረድ። የጎማ አየር ጉዞ ሳይጀመር፣ ጎማው ሳይሞቅ መለካት አለበት። ብዙዎች መንገድ ላይ ጎሚስታ ዘንድ ቆመው የሞቀ ጎማ ሲለኩ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስለሚታያቸው አየር ያስቀንሳሉ፤ ሲበርድ ጎማው ያንሳል፣ መኪናውም ነዳጅ ይበላል።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ቢወሰንም፣ ያሉት ገና ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ ይቆያሉ፤ የድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳትም ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የእያንዳንዱን ቤት ኪስ ነክቷል። ስለዚህ የአሽከርካሪ ማሠልጠኛ ተቋማት ቁልቁለትን በማርሽ ስለመውረድ ሲያስተምሩ የነዳጁን ስሌት ጨምረው ያስረዱ፤ «ለአደጋ ተጠንቀቅ» የሚለውን ቃል የማይሰማ ሰው «ገንዘብህ እየባከነ ነው» ሲባል ይሰማ ይሆናልና። ጋዜጣችሁም ከየበዓሉ በፊት፣ ሕዝቡ ወደየክፍለ ሀገሩ ከመነሣቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ይህንኑ የሚያስረዳ ጽሑፍ ከመካኒኮች ጋር ተመካክሮ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ያ ወጣት መንገድ የሚጀምረው በመጪው ቅዳሜ ነው፤ እኔ ጋራዡ ውስጥ ምክሩን በሰማሁበት ቀን የማውቀውን ነግሬዋለሁ፣ እርሱን የመሰሉ ብዙዎች ግን የሚነግራቸው አላገኙም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ