ልጄን ከክፍል ላውጣ አልኩ እንጂ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዱ አላልኩም

ግልጽ ደብዳቤ
ለሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ አባላት
ሮክቪል፣ ሜሪላንድ

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣

በስብሰባችሁ ላይ ለወላጅ የምትሰጡት ደቂቃ እኔ በእንግሊዝኛ ሰላምታዬን ሳልጨርስ ያልቃል። ስለዚህ በአማርኛ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ተርጓሚ አታጡም፤ ደብዳቤውም ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለራሴ ሰዎችም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ነጠላቸውን ለብሰው ከቢሯችሁ ደጅ ከቆሙት ኢትዮጵያውያን እናቶች አንዷ ነኝ። ነገሩን ታውቁታላችሁ። በ2022–23 የትምህርት ዘመን ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችና ስለ ጾታ ማንነት የሚያወሩ ባለ ሥዕል የልጆች ታሪኮችን ወደ አንደኛ ደረጃ የቋንቋ ትምህርት አስገባችሁ። መጀመሪያ ቀድመን እናሳውቃለን፣ ያልፈለገ ወላጅ ልጁን ያስወጣል ተባለ። በማርች 2023 ደግሞ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ያ ቀርቷል ተባለ። ከሰጣችሁት ምክንያት አንዱ ጠያቂው በዛ የሚል ነበር። ይሄ ዛሬም አልገባኝም፤ ወረፋው ረዘመ ተብሎ መስኮት ይዘጋል እንዴ?

ሙስሊም፣ ካቶሊክና ኦርቶዶክስ ወላጆች ከሰሷችሁ። ጁን 27 ቀን 2025 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ ክርክሩ እስኪቋጭ ድረስ ለወላጆች ቀድማችሁ እንድታሳውቁና የጠየቀ ልጁን እንዲያስወጣ ወሰነ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግን ፍርድ ቤቱ መጽሐፎቹን ጣሉ አላለም። እኛም ያን ቀን ደጃችሁ ላይ ስንቆም፣ ቢያንስ እኔና አብረውኝ የነበሩት፣ እሱን አልጠየቅንም።

ይህን የምለው ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ነገሮች ስለተቀላቀሉ ነው። የሚቃወሙን ሰዎች «መጽሐፍ አጋጆች» ይሉናል። ከእኛም ውስጥ ስሙን እንደ ሽልማት የተቀበለ አለ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ዳቦና ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። አንዲት እህት ወረቀት ይዛ በየጠረጴዛው ትዞራለች። ከላይ የመጽሐፍ ስሞች ተደርድረዋል፣ ከታች ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ።

«ከትምህርት ቤት ላይብረሪ እንዲነሱ ነው፣ እህቴ፣ ፈርሚልኝ።»

«አንብበሻቸዋል?»

«ኧረ እኔ ምን ጊዜ አለኝ! ዝርዝሩ በቴሌግራም ነው የመጣው።»

ከእኔ በፊት አሥራ ስምንት ሰው ፈርሟል፤ ግማሾቹን በስም አውቃቸዋለሁ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ስም የሚለው መስመር ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ደሴ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነበር። እኔ ገና ፊደል ስቆጥር አንድ ማታ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ የተለበጠ መጽሐፍ ካፖርቱ ውስጥ ይዞ ገባ። ለሦስት ሌሊት ብቻ ነው የተዋሰው፤ ከእሱ ቀጥሎ ተራ የሚጠብቅ ሌላ አስተማሪ አለ። እናቴ መጋረጃውን ሳበች። እኛ ልጆቹ ስለ መጽሐፉ ውጭ እንዳናወራ ተነገረን፤ እኔ በበኩሌ ስሙን እንኳ አላውቅም ነበር። ሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋና በኩራዝ ጨረሰው። ካደግኩ በኋላ ነው የነገረኝ፤ የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ነበር። አሳታሚው ራሱ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት መሆኑን ሲነግረኝ ሁልጊዜ ይስቅ ነበር።

መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከየመደብሩ ተለቀመ። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር፤ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። አባቴ መጽሐፉን የደበቀበትን አዲስ ዘመን በዓሉ አንድ ሰሞን አዘጋጅቶታል።

ሜሪላንድ ደርግ አይደለችም። እዚህ ደራሲ ከቤቱ ወጥቶ አይቀርም፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ በዓሉንም ማቃለል ነው። የኔ ነገር ወረቀቱ ላይ ነው። ያኔ ኦሮማይን ከየሱቁ የለቀሙት ሠራተኞች አንብበውት ይሆን? አይመስለኝም። ዝርዝር ነው የደረሳቸው። እኔም ያን እሑድ ዝርዝር ነው የደረሰኝ። እስክሪብቶውን መለስኩላት።

እዚህ አገር መጽሐፍ እንዴት እንደሚታገድ ከዚያ በኋላ ነው የተከታተልኩት። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ2024 ብቻ 821 የእገዳ ሙከራዎች መዝግቧል፤ በእነዚህ ውስጥ ተቃውሞ የቀረበባቸው መጻሕፍት 2,452 ናቸው። ስሙ የሚነሳው ወላጅ ነው፣ «ወላጆች ጠየቁ» ነው የሚባለው፤ ከወላጅ የመጣው ግን 16 በመቶ ያህሉ ነው። 72 በመቶው ከተደራጁ ቡድኖች፣ ከመንግሥት አካላትና ከተመረጡ ሹማምንት የመጣ ነው። ምክንያት የሚሆነው ወይ የወሲብ ነገር ነው፣ ወይ የተመሳሳይ ጾታ ነገር፣ ወይ የጥቁርና የነጭ ጉዳይ። የመጨረሻው እኛን ሊያሳስበን ይገባ ነበር፤ ልጆቻችን እዚህ የሚያድጉት እንደ ጥቁር ልጆች ነው።

ወረቀቱን ይዛ የዞረችውን እህታችንን ዝም ያሰኛት ግን ቁጥሩ አይደለም፣ የዩታው ታሪክ ነው። ዩታ በ2022 «ብልግና ያለበት» መጽሐፍ ከትምህርት ቤት እንዲነሳ ሕግ አወጣች። በሌሎች መጻሕፍት መነሳት የተበሳጨ አንድ ወላጅ ያንኑ ሕግ ይዞ መጽሐፍ ቅዱስን ከሰሰ። በ2023 የዴቪስ ትምህርት ወረዳ ኮሚቴ መረመረና ለትንንሽ ልጆች አይሆንም ብሎ ከአንደኛና ከመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አወጣው። ጩኸት ተነሳ፣ ይግባኝ ተባለ፣ በጁን ተመለሰ። ሌላ ጊዜ አግኝቻት ይህን ስነግራት ሻይዋ ቀዘቀዘ። «እውነትሽን ነው?» አለች። ወረቀቱን አልቀደደችውም፤ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምን እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም።

እኛ ወላጆች ለምን እንፈርማለን? ከእምነታችን ይልቅ ድካማችን ይመስለኛል፣ ከራሴ ተነስቼ ነው። ሌሊት አረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። ጠዋት ስገባ ልጆቼ ሲወጡ በር ላይ እንገናኛለን። ቀን ሙሉ ምን እንደሚያነቡ ሳላውቅ ስኖር፣ ሁሉን ነገር የሚዘጋልኝ ወረቀት ሲመጣ እፎይታ ነው። ባለፈው ትንሿ ልጄ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከሕዝብ ላይብረሪው መደርደሪያ ከነዚያ መጻሕፍት አንዱን መዝዛ «እማዬ፣ ሰልፍ የወጣሽበት ይሄ ነው?» አለችኝ። ቆሜ አነበብኩት፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ቦታው መለስኩትና መኪና ውስጥ ስለ እሱ አወራን፤ እኛ ምን እንደምናምን፣ የክፍሏ ልጅ ሁለት እናቶች ቢኖሯትም ለምን እንደማይሳቅባት። ከባድ ነበር፣ አንዳንዱን ጥያቄ በቅጡ አልመለስኩትም። ግን ያን ወሬ ማውራት የእኔ ሥራ ነው፤ ለመምህሯም ለእናንተም አሳልፌ መስጠት አልፈለግኩም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልመለስ። በ2024 በአገረ ገዢው የተፈረመ የማንበብ ነፃነት ሕግ በሜሪላንድ አለ። በደራሲው ማንነት የተነሳ፣ ወይም በፖለቲካ፣ በርዕዮተ ዓለም ወይም በሃይማኖት ስላልተወደደ ብቻ መጽሐፍ ከትምህርት ቤት ላይብረሪ እንዳይወጣ ይከለክላል። አቤቱታ የቀረበበትም መጽሐፍ ታይቶ እስኪወሰን ከቦታው አይነሳም። በእኛ አዳራሽ ይህን ሕግ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። በአማርኛ ጻፉልን፤ ልጅን ከትምህርት ማስወጣት የትኛው ፎርም እንደሆነ፣ መጽሐፍን መክሰስ የትኛው እንደሆነ ለየብቻ፣ አንዱ ገጽ ላይ አትደርድሩት። ሰው መጥቶ ቢያስረዳን ደግሞ የተሻለ ነው፤ አዳራሹን እኔ አስፈቅዳለሁ፣ ቡናም አለ።

ሌላው የሚያሰጋኝ ድምፅ የሌለው እገዳ ነው። ከፍርዱ በኋላ የፈራ ርእሰ መምህር፣ ክስ ከሚመጣ ብሎ ማንም ሳይጠይቀው ጥቂት መጻሕፍትን ካርቶን ውስጥ ከትቶ መጋዘን ሊያስገባ ይችላል። ስብሰባ የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ። በእኔ ስም እንዲህ እንዳይደረግ እለምናችኋለሁ። በፍርዱ ያገኘሁት መብት በልጄ ላይ ነው፤ ጎረቤቴ ልጅ ላይ የለኝም።

የመጨረሻው ትንሽ ነገር ነው። ልጄ ክፍሉን ለቅቃ ስትወጣ እንደ ተቀጣች ልጅ ኮሪደር ላይ ወንበር አታስቀምጧት። ላይብረሪ ትሂድ። መጻሕፍቱ እዚያ እንዳሉ አውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት
ሲልቨር ስፕሪንግ