የአይሲቲ ክበብ፦ ባሩ ሙሉ ነው፣ ፋይሉ ግን አይሄድም

ዘንድሮ ክበባችን ሲጨቃጨቅ የከረመው በአንድ ጥያቄ ነው። ስልኩ ላይ የሲግናል ባሩ ሙሉ ሆኖ ፋይል ለምን ይንቀራፈፋል?

ነገሩን ያነሱት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ይመስላቸው ነበር። ስለዚህ አንድ አሮጌ ራውተር (ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ሳጥን) ያለ ኢንተርኔት ሰካንና ስልኮቻችንን አገናኝተን ፋይል ተላላክን። ያለ ካርድ፣ ያለ ዳታ! ፋይል መላላኪያው መተግበሪያ ዜንደርም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ አንዱ ስልክ ለሌላው ዋይፋይ ይከፍትለታል እንጂ ኢንተርኔት ውስጥ አይገባም።

ቀጥሎ ፍጥነት መጣ። የስልክ ብሉቱዝ ሲቀናው በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ገደማ ነው የሚያስተላልፈው። እዚህ ጋ ሁሉም ሜጋቢትን ከሜጋባይት አምታታ። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 100 ሜጋባይት ቪዲዮ 800 ሜጋቢት ይሆናል፣ ለ2 ሲካፈል 400 ሴኮንድ፣ ማለትም ወደ 7 ደቂቃ። በሴኮንድ 40 ሜጋቢት የሚያሳልፍ ዋይፋይ ግን በ20 ሴኮንድ ይገላገለዋል። ሰሌዳ ላይ ያሰላችው የአስረኛ ክፍል ልጅ ዞር ብላ «ታዲያ ብሉቱዝ ምን ይሠራል?» አለች። ባትሪ ብዙ አይበላም፣ ለኢርፎን ደግሞ ያ ፍጥነት ተርፎ ይበቃል።

ርቀቱን ግቢ ውስጥ እየተራመድን አየን። ብሉቱዝ 10 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ዘፈኑን መቆራረጥ ጀመረ። የ2.4 ጊጋኸርዝ (የሞገድ ድግግሞሽ መለኪያ ነው) ዋይፋይ የብሎኬት ግድግዳ አልፎ ይሄዳል፤ ባለ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ሲበዛበት ቶሎ ይደክማል። የዕቃ ቤቱ የቆርቆሮ በር ሲዘጋማ ሁለቱም ክፉኛ ተዳከሙ፣ ምክንያቱም ብረት ሞገዱን መልሶ ይወረውረዋል። ከዚያ በኋላ «ኔትወርክ የለም» ያለ ሁሉ መጀመሪያ በሩን ክፈት ይባል ጀመር።

ኤንኤፍሲ፣ ማለትም ስልክና ካርድ ተጠጋግተው ያለ ሽቦ የሚነጋገሩበት ዘዴ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ መሥራቱ ልጆቹን ያስቃቸው ነበር። ካርድ አስጠግቶ ለመክፈል ግን ቅርብነቱ ነው ጥቅሙ፤ ኪስህ ውስጥ ያለውን ካርድ ከክፍሉ ጥግ ሆኖ ማንም እንዲያነበው አትፈልግም። የቴሌቪዥን ሪሞት ደግሞ በማይታይ ብርሃን ስለሚሠራ ሰው ፊቱ ሲቆም ይዘጋበታል። የስልኩን የሰልፊ ካሜራ ከፍተን ሪሞቱን ስንጫን ጫፉ ላይ ያለችው አምፖል ብልጭ ድርግም ስትል አየናት።

ለከርሞ ቻናል፣ ማለትም ራውተሩ የሚያሰራጭበትን የሞገድ መስመር፣ መምረጥ ላይ እንሠራለን። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ይህን ለመሞከር ቢያንስ ሁለት ራውተር ያስፈልገናል፤ ቤታችሁ የተጣለ አሮጌ ካለ፣ ቻርጀሩን አትርሱና ወደ አይሲቲ ክፍል አምጡት።