ወግ አጥባቂ ስድብ ነው እንዴ? ስለ ሮጀር ስክሩተን ከአዳማ የተላከ

ሰላም የዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ስለ ወግ አጥባቂ ፖለቲካ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ፈላስፋውን ሮጀር ስክሩተንን በሁለት መስመር ጨርሳችሁት አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ለውጥ የሚጠላ፣ ለሀብታም የሚከራከር፣ በንግግሩ ምክንያት ከመንግስት ስራ የተባረረ እንግሊዛዊ ነው ያላችሁት። ወግ አጥባቂ የሚለውንም ቃል ልክ እንደ ስድብ ነው የተጠቀማችሁበት። እናቴ ነፍሷን ይማረውና ወግ አጥባቂ ነሽ ብትባል ተመረቅኩ ብላ አሜን ነበር የምትለው፣ ወግ ማዕረግ ያሳይሽ እየተባለ ባደግንበት አገር ወግ መቼ ነው ነውር የሆነው?

እኔ ፈላስፋ አይደለሁም፣ አዳማ ውስጥ በፎርማንነት ስሰራ ከ20 አመት በላይ ሆኖኛል። ሰውየውን ያወቅኩት በልጄ በኩል ነው፣ አርክቴክቸር ነው የምትማረው፣ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶብን ቁጭ ብለን እያለ ስልኳ ላይ ቢቢሲ በ2009 እ.ኤ.አ. ያስተላለፈለትን ስለ ውበት የሚያወራ ፊልም ከፍታ "አባዬ ና እየው፣ ስላንተ ስራ ነው የሚያወራው" አለችኝ። ሽበታም ሰውዬ ሬዲንግ በምትባል ከተማ ውስጥ ሰው ትቷቸው መስታወታቸው የረገፈ የቢሮ ህንፃዎችን እየዞረ ያሳያል። ሲሰሩ ለጥቅም ብቻ ተብሎ ነበር፣ አስቀያሚ ስለሆኑ ግን ማንም ሊገባባቸው አልፈለገም፣ ስለዚህ ጥቅማቸውም አብሮ ሞተ ነው የሚለው። እኔ ያኔ ትዝ ያለኝ እኛው ራሳችን እዚህ የገጠምነው መስታወት ነው። በዚህ የአዳማ ሙቀት ፊቱን በሙሉ በአሉሚኒየምና በመስታወት የተሸፈነ ፎቅ ሰርቼ አስረክቤአለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሶስተኛ ፎቅ ላይ መቀመጥ አይቻልም፣ ኤሲ ከሌለ እንደ ዳቦ ነው የሚጋግራችሁ። እሱን ለመስራት ያፈረስነው ደግሞ ሰፊ በረንዳ ያለው ባለ ድንጋይ ቤት ነበር፣ ውስጡ ቀን በሙሉ ቀዝቃዛ፣ ግድግዳው ክንድ የሚያህል። ኤክስካቫተሩ ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሮ ለምሳ ስንወጣ ቤቱ የለም።

ስክሩተን በ2014 እ.ኤ.አ. ስለ ወግ አጥባቂነት ባሳተመው መጽሐፍ ላይ መልካም ነገር ለማፍረስ ቀላል ነው ለመስራት ግን ከባድ ነው፣ ማፍረስ ፈጣንና ደስ የሚል ሲሆን መስራት ግን ዘገምተኛና አሰልቺ ነው ይላል። ይሄ ለኔ ፍልስፍና ሳይሆን የየቀን ውሎዬ ነው፣ ቤት ሲፈርስ ሰፈሩ በሙሉ ስልኩን ይዞ ቆሞ ይቀርፃል፣ አርማታ ውሃ ሲጠጣ ግን ከዘበኛው በቀር የሚያይ የለም።

ደግሞ ለሀብታም የሚከራከር ያላችሁት ከየት መጣ? በ1944 እ.ኤ.አ. ከአስተማሪ ቤት ነው የተወለደው፣ አባቱ ከማንቸስተር ድሃ ሰፈር የወጣ የሌበር ማለትም የሠራተኛው ፓርቲ ሰው ነበር፣ ባላባት የሚባል ነገር አይኑ እንዲያይ አይፈልግም፣ ልጁ ካምብሪጅ ገባሁ ሲለው አኩርፎ መነጋገር እስከማቆም ደርሷል። በ1968 እ.ኤ.አ. ግንቦት ላይ ደግሞ ልጁ ፓሪስ ነበር፣ ከመስኮት ሆኖ ተማሪዎቹ መኪና ሲገለብጡ መስታወት ሲሰብሩ ያያል፣ እሺ በዚህ ቦታ ምን ልትተኩ ነው ብሎ ጓደኛውን ሲጠይቅ አጥጋቢ መልስ አጣ፣ እኔ ከነዚህ ጋር አይደለሁም ያለው ያኔ ነው። በኛ አገር የ66ቱን ዘመን ያየ ሰው ይቺን ጥያቄ ያውቃታል።

ዋናው ነገር ግን ፕራግ ነው፣ እናንተ ጭራሽ ያላነሳችሁት። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ኮሚኒስቷ ቼኮዝሎቫኪያ እየተመላለሰ ሰው ቤት ውስጥ በድብቅ ለሚሰበሰቡ ተማሪዎች ያስተምር ነበር፣ ከዩኒቨርሲቲ የተባረሩ ምሁራን ቦይለር እያነደዱና ዘበኛ ሆነው የሚኖሩበት ጊዜ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ መጽሐፍ አሾልኮ ያስገባል፣ አስተማሪ ይልካል፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ብርኖ ከተማ ላይ ተይዞ ከአገር ተባረረ። በ1998 እ.ኤ.አ. ከዚያው አገር የወጣችው ቼክ ሪፐብሊክ በፕሬዝዳንቷ በሃቬል እጅ ሜዳሊያ ሸለመችው። ምቾቱን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ይሄን ያደርጋል? እዚህም በደርግ ጊዜ መጽሐፍ ጣራ ስር የደበቀ ቤተሰብ ስንት ነው፣ ይሄ ታሪክ ለኛ አንባቢ መቼም አይከብደውም ነበር።

ሀሳቡን ለማሳጠር ያህል፣ ሰው መጀመሪያ የሚወደው ቤቱን ነው ይላል፣ ኦይኮፊሊያ የሚል የግሪክ ቃል ሰጥቶታል፣ ከቤት ተነስቶ ወደ ሰፈር ወደ አገር የሚሰፋ ፍቅር። ይሄን የወሰደው በ1729 እ.ኤ.አ. ደብሊን ከተወለደው፣ የወግ አጥባቂ ሀሳብ አያት ልንለው ከምንችለው ከኤድመንድ በርክ ነው፣ በርክ ህብረተሰብ ማለት በሞቱት፣ በህይወት ባሉትና ገና ባልተወለዱት መሀል ያለ ሽርክና ነው ብሎ ነበር፣ ትንንሽ ማህበራትም የአገር ፍቅር መነሻ ናቸው ይላል። እኔ ይሄን ሳነብ እድር ነው የታየኝ። ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ቤት የደረሰው ቤት ደረሰው፣ ካሳ ያገኘው ካሳ አገኘ፣ እድሩ ግን የትም አልደረሰም፣ ድንኳኑና ወንበሩ የሚቀመጥበት መጋዘን ፕላን ላይ አልነበረማ። ለቀስተኛ አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ደርድራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ደርድሬአለሁ። ብር የሚተካው ነገር አለ፣ ጥሩንባ ሲነፋ ሳይጠራ የሚመጣ ጎረቤት ግን በካሬ አይሰላም።

ሰውየው ጻድቅ ነው እያልኩ አይደለም። ጃፓን ቶባኮ ከሚባለው የሲጋራ ድርጅት በወር 4,500 ፓውንድ እየወሰደ ስለ ሲጋራ ይጽፍ ነበር፣ ወደ 5,500 ከፍ አድርጉልኝ ብሎ የላከው ደብዳቤ በ2002 እ.ኤ.አ. ሾልኮ ወጣበትና የጋዜጣ አምዱን አጣ፣ ይበለው። ሌላው የማልስማማበት የሱ ወግ የእንግሊዝ ገጠር ወግ መሆኑ ነው፣ አጥሩም መሬቱም በባለቤቱ ስም የተመዘገበበት። የኔ አባት አርሲ ውስጥ ጭሰኛ ነበር፣ ከምርቱ ገሚሱን እየሰፈረ አስረክቦ ነው ያሳደገን፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጁ ሲነገር አለቀሰ ብላ እናቴ ነግራኛለች። ያ ወግ ባይፈርስ እኔ ዛሬ ይሄን ደብዳቤ አልጽፍም። ሽንት ቤቱን ለአስር አባወራ የሚጋራ የሚያፈስ የቀበሌ ቤት ውስጥ ያለችውንም እናት ቅርስ ነው አይፍረስ ብላችሁ ንገሯት እስቲ፣ በምን እንደምታባርራችሁ ታያላችሁ። በርክ ራሱ እኮ በ1790 እ.ኤ.አ. መለወጫ መንገድ የሌለው መንግስት መቆያ መንገድም የለውም ብሎ ጽፏል፣ ስለዚህ ለውጥ የሚጠላ የምትለዋ ትችት ለአያትየውም አትሆንም።

በመጨረሻ ስለ መባረሩ። በ2018 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መንግስት የሚሰሩ ቤቶች እንዴት ውብ ይሁኑ የሚለውን የሚያጠና ኮሚሽን ሰብሳቢ አድርጎ ሾመው፣ ያለ ደሞዝ። ሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ኒው ስቴትስማን ላይ ቃለ መጠይቅ ወጣ፣ ስለ ቻይና መንግስት የተናገረው ተቆርጦ ስለ ቻይና ህዝብ የተናገረ መሰለ፣ በዚያው ቀን ተባረረ። ሙሉ ቅጂው ሲሰማ መጽሔቱ ይቅርታ ጠየቀ፣ መንግስትም ሐምሌ ላይ ወደ ኮሚሽኑ መለሰው። ያኔ ካንሰር ይዞታል። ጥር 12 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ሞተ፣ የኮሚሽኑ ሪፖርት የወጣው እሱ ከሞተ ከ18 ቀን በኋላ ነው። ሰው በተቆረጠ ንግግር ተባሮ ይቅርታ ከተጠየቀ በኋላ እናንተ ደግሞ ይቅርታውን ቆርጣችሁ አወጣችሁት። ተመለሰ የምትለዋን ቃል በሚቀጥለው እትም ጨምሩልን፣ ልጄም እየጠበቀች ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ